ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ድሪቶ

ማታ ልብስ ሰፊ ቤት ሊዘጋ ሲል ወለሉን አይተው ያውቃሉ? ከስፌት መኪናው ሥር የአረንጓዴ ዩኒፎርም ጥግ፣ የቀይ ጉርድ ጫፍ፣ ከሀበሻ ቀሚስ የተረፈች መዳፍ የማትሞላ ጥለት ተደበላልቀው ይወድቃሉ። ከዚያ መጥረጊያ ይመጣና ሁሉም ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይጣላል። እኔ ያንን ማዳበሪያ እየለመንኩ ወደ ቤቴ መውሰድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከውስጡ የሚወጣው ለየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ወይም ለሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሲፈለግም ቡና ሲፈላ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ፣ የአገር ቀለም ያለው ድሪቶ ነው።

ድሪቶ የሚለው ቃል ጆሮ ላይ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የድህነት ምልክት ነበር፤ ሰውን ለማሳነስ የሚወረወር ስድብም ነበር። ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ድሪቶ ማለት እራፊ ጨርቅ እንኳ አላግባብ እንዳይወድቅ የሚሳሳ እጅ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ ጥቁር እናቶች ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ የሰፉት የአልጋ ልብስ ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። እነሱ የሰፉት ልጆቻቸው ብርድ እንዳይመታቸው ነበር። ስለዚህ ቃሉን አልቀይረውም። የምንሰፋው ድሪቶ ነው፤ ልክና ሥርዓት ያለው ድሪቶ።

መቀስ ከማንሳታችን በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ። የምንሰፋው ቀለማቱን የያዘ ጌጥ ነው እንጂ ሰንደቅ ዓላማ አይደለም። የሰንደቅ ዓላማ አሠራርና አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ተደንግጓል፤ የወርዱና የርዝመቱ ምጣኔ 1 ለ 2 ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ዓርማም የራሱ ልክና ቦታ አለው። ስለዚህ ያረጀ ሰንደቅ ዓላማ ቢያገኙ እንኳ ቆርጠው ለዚህ ሥራ አያውሉት። ዓርማውንም በጨርቅ አስመስለው ለመስፋት አይሞክሩ፤ የኮከቡ አንድ ጫፍ ከተጣመመ የሁሉም ሰው ዓይን እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። የእኛ ሥራ ልኩም የተለየ ነው፣ ዙሪያውንም ነጭ ሸማ ይከብበዋል።

ሲያልቅ ርዝመቱ 86 ወርዱ 62 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመኪና ለሚሰፋ፣ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ከተሰጠው፣ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። በእጅ ከሆነ አንድ ወር ይመድቡ።

ጨርቁን መልቀም

የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ 54 ካሬ ጨርቅ ነው፦ 18 አረንጓዴ፣ 18 ቢጫ፣ 18 ቀይ። በእያንዳንዱ ቀለም አሥራ ስምንቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አይፈልጉ። ውበቱ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። የጎመን አረንጓዴ፣ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ፣ ታጥቦ ታጥቦ የገረጣ የዩኒፎርም አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሜዳው ሕይወት ያገኛል። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ አረንጓዴ ብቻ ከተጠቀሙማ በአንድ ወጥ ጨርቅ ቢሠሩት ይሻል ነበር።

ከየት ይገኛል? መጀመሪያ ከራስዎ ቁም ሣጥን። ልጅዎ ያደገበት ዩኒፎርም፣ ክርኑ ያለቀ ሸሚዝ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ ሲያጥር የተረፈ ጨርቅ። ከዚያ የሰፈርዎ ልብስ ሰፊ ጋ ይሂዱ። አዲስ አበባ ከሆኑ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሰፉት ዘንድ የጥለት ቁራጭ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቢጫው ነው፤ ቢጫ ልብስ የሚለብስ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ቢጫ ባየሁ ቁጥር፣ ሥራ ባይኖረኝም፣ አስቀምጣለሁ።

ከቀለሙ በላይ ግን ክብደቱን ይመልከቱ። ሁለት ቁራጭ በሁለት እጅ ይዘው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መሃል አሸት ያድርጉ። አንዱ እንደ ሸሚዝ ስስ፣ ሌላው እንደ ካኪ ሱሪ ወፍራም ከሆነ ባይገናኙ ይሻላል፤ ወፍራሙ ስሱን ይጎትተውና ስፌቱ ላይ ይጨማደዳል። የሸሚዝ ፖፕሊን የሚያክል ውፍረት ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ እንደ ቲሸርት ያለው፣ ይቅር። የሚያንሸራትት ሳቲንም ይቅር፤ የሠለጠነ እጅ እንኳ ካሬነቱን ማስጠበቅ ይቸግረዋል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን አይሁን ካላወቁ ከጠርዙ አንድ ክር ይምዘዙና ሰሃን ላይ በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ፣ እንደ ወረቀት ሸትቶ፣ ጣት ሲነካው የሚበን አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይተዋል። የዩኒፎርም ጨርቅ ብዙ ጊዜ ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው፤ አይጣል፣ ካውያውን ግን ቀነስ አድርገው ይተኩሱት። ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠውን ለሌላ ሥራ ያቆዩት።

ቀዩን መፈተን

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የመጀመሪያ ድሪቶዬ የተበላሸው እዚህ ነውና። ከቀይ ቀሚስ የተረፈ ደስ የሚል ጨርቅ ነበረኝ። አዲስ ነው ብዬ ሳላጥበው ቆርጬ ሰፋሁት። ሥራው አልቆ፣ ግድግዳ ላይ ከርሞ፣ አቧራ ሲይዘው ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ሳወጣው ነጩ ሸማ ሮዝ ሆኗል፣ ቢጫው ደግሞ ከቀዩ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ብርቱካን መልክ ይዟል። ደጋግሜ ባጥበውም አልለቀቀም። የስንት ማታ ድካም በአንድ ሳፋ ውኃ ሄደ።

ስለዚህ ማንኛውንም ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት በሳሙናና በለብታ ውኃ፣ ቀይ ለብቻው፣ ቢጫ ለብቻው፣ አረንጓዴ ለብቻው ያጥቡት። ከታጠበ በኋላ እያንዳንዱን ቀይ እንዲህ ይፈትኑት፦ ጨርቁ እርጥብ እንዳለ ላዩ ላይ ነጭ የአቡጀዴ ቁራጭ አድርገው በካውያ ጫን ይበሉና ነጩን ገልጠው ይዩት። ቀይ ጥላ ካረፈበት እንደገና ያጥቡት። ከሦስት እጥበት በኋላም የሚለቅ ከሆነ ያ ጨርቅ፣ ምንም ቢያምር፣ ከዚህ ሥራ ይውጣ። ጨው ወይም ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚል ምክር ይሰማሉ። በፋብሪካ በተነከረ ጨርቅ ላይ አይመኩበት፤ የሚታመነው ፈተናው ነው።

ለዙሪያው የሚሆነውን ነጭ ሸማም ሳይቆርጡ ያጥቡት። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲያገኘው ይሸበሸባል፣ ያጥራልም። ከተሰፋ በኋላ ቢያጥር ድሪቶውን እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስበዋል።

መቁረጥና መደርደር

ከጫማ ካርቶን 10 በ10 የሆነ መለኪያ ይሥሩ። ጥጉ ቀጥ ማለቱን በመጽሐፍ ጥግ ያመሳክሩ። ደጋግመው ሲያሰምሩበት ጠርዙ ስለሚበላ ሦስት ያህል ይዘጋጅ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይተኩ። ለጠቆረ ጨርቅ የተሳለች የሳሙና ስባሪ፣ ለፈካው ቀጭን እርሳስ ማስመሪያ ይሁንዎ። የሳሙናው መስመር በእጥበት ይለቃል፤ ልብስ ሰፊዎች ያለ ምክንያት አይደለም ሳሙና ኪሳቸው የማይጠፋው።

መለኪያውን ጨርቁ ላይ ሲያስቀምጡ ጎኑ ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ ይሁን። ቁራጩን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ በድሩ በኩል እምቢ ይላል፣ በሰያፍ ከሳቡት ግን ይለጠጣል። ጎኑ በሰያፍ የተቆረጠ ካሬ ከተሰፋ በኋላ ይለጠጥና መስመሩን ያጣምማል። ከቁርጥራጭ የሚሠራ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ሲል ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ነው። አንድ ካሬ ቢቀንስ ይቀንስ፣ ድሩን ግን ይጠብቁ።

54ቱ ሲሞሉ አልጋ ላይ ወይም የተጠረገ ወለል ላይ ይደርድሩ። ወደ ጎን ዘጠኝ፣ ወደ ታች ስድስት። ከላይ ሁለት ረድፍ አረንጓዴ፣ መሃል ሁለት ረድፍ ቢጫ፣ ከታች ሁለት ረድፍ ቀይ። የዚህን ሥራ ግማሽ ደስታ የማገኘው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን እንዳይገጥሙ ያቀያይሩ። በጣም የጠቆሩትን በአንድ ጥግ አያከማቹ። ትንንሽ ነጠብጣብ ወይም አበባ ያለበት ጨርቅ ካለዎት ለየብቻ ይበትኑት። ሲጨርሱ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ጥቁርና ነጭ አድርገው ይዩት፤ ቀለሙ ሲጠፋ የትኛው ካሬ ከቦታው ውጭ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ረካሁ ብዬ ባደርኩ ማግስት ጠዋት ሁለትና ሦስት ቁራጭ ያላዛወርኩበት ጊዜ የለም። ከተቻለ አንድ ሌሊት ያሳድሩት።

ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል ይደራርቡና የረድፉን ቁጥር በወረቀት ጽፈው በእስፒል ያያይዙት። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ይህ የግድ ነው።

መገጣጠም

ሁሉም ስፌት ከጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው የሚያልፈው። መኪናዎ ላይ የልክ መስመር ከሌለ ከመርፌው ጫፍ ወደ ቀኝ 1 ሳንቲ ሜትር ለክተው ፕላስተር ይለጥፉ፤ የጨርቁ ጠርዝ የፕላስተሩን ጠርዝ ተከትሎ ይሂድ። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት አይበሉ። በአንድ ረድፍ ስምንት ስፌት አለ፤ በእያንዳንዱ ስፌት ሁለቱም ካሬዎች አንዳንድ ሚሊ ሜትር ከበሉ ረድፉ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያጥርና ከታችኛው ጋር አይገጥምም።

በእጅ የሚሰፉ ከሆነ በአንድ ክር፣ ሦስት አራት ነጠላ ስፌት እየሄዱ አንዴ ወደ ኋላ እየተመለሱ ይስፉ። ወደ ኋላ የሚመለሰው ስፌት መገጣጠሚያውን እንደ ቋጠሮ ያጸናዋል።

መልክ በመልክ ገጥመው መጀመሪያ የእያንዳንዱን ረድፍ ዘጠኝ ካሬ እርስ በርስ ይስፉ። ከዚያ ይተኩሱ። የመጀመሪያውን፣ የሦስተኛውንና የአምስተኛውን ረድፍ የስፌት ትርፍ በሙሉ ወደ ቀኝ ያስተኙ፤ የሁለተኛውን፣ የአራተኛውንና የስድስተኛውን ወደ ግራ። ሁለት ረድፍ ሲገናኝ የአንዱ ትርፍ ወደዚህ፣ የሌላው ወደዚያ ስለተኛ መገጣጠሚያቸው ላይ ተቃቅፈው ቁጭ ይላሉ። በጣትዎ ሲዳስሱት ይታወቅዎታል፤ እብጠቱ ይጠፋና ሁለቱ ስፌቶች ግጥም ይላሉ። እዚያው ላይ እስፒል ይትከሉ፣ ከዚያ ረድፉን ይስፉ።

አተኳኮሱም የራሱ ወግ አለው። ሸሚዝ እንደሚተኩሱ ካውያውን ወዲያና ወዲህ አይግፉት፤ ካሬው ይለጠጣል። ያስቀምጡ፣ ያንሱ፣ ቀጥሎ ያስቀምጡ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ድሪቶው ተጨማዶ ያየሁባቸው ሥራዎች በሙሉ ችግራቸው ካውያው ነበር።

ስድስቱ ረድፍ ሲያያዝ 74 በ50 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ከነጩ ሸማ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቅዳጆች ይቁረጡ፦ ሁለቱ 50፣ ሁለቱ 86 ሳንቲ ሜትር ይርዘሙ። አጫጭሮቹን በግራና በቀኝ፣ ረጃጅሞቹን ከላይና ከታች ይስፉ። የነጠላ ጥለት ቀሪ ካለዎት ከታችኛው ነጭ ላይ በአግድም ቢደርቡት ያምራል፤ ለእኔ ግን ባዶው ነጭ ይበልጥብኛል፣ ሦስቱን ቀለሞች ያስተነፍሳል።

ገበርና ደርዝ

ድሪቶ ሦስት ድርብ ነው፦ መልኩ፣ መሃሉ፣ ገበሩ። ለገበር አቡጀዴ 96 በ72 አድርገው ይቁረጡ። ለመሃሉ የምመርጠው ያረጀ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ጠርዙን ተርትረው ከድርቡ አንዱን ወይም ሁለቱን መውሰድ ይቻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ብዙ ስለታጠበም ከእንግዲህ አያጥርም። የእኔ የአሁኑ መሃሉ የእናቴ ጋቢ ነው። ከውጭ አይታይም፣ እዚያ እንዳለ ግን አውቃለሁ። ጋቢ ከሌለ ባዘቶ በስሱ ማንጠፍ ይቻላል፤ ያኔ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ የሚይዘው ስፌት፣ ደርዙ፣ ቀረብ ቀረብ ማለት አለበት፣ አለበለዚያ ሲታጠብ ጥጡ ተሰብስቦ ይጓጉላል። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ይህ ቀላል ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የጥጥ ንጣፍ ጨርቅ መሸጫዎች ውስጥ ይገኛል።

ገበሩን ወለል ላይ ገልብጠው ያንጥፉና አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ያስይዙት፤ ወጠር ይበል እንጂ አይሳብ። ላዩ ላይ መሃሉን፣ ከዚያ መልኩን ያድርጉ። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍዎ እየዳበሱ አየሩን ያስወጡ። ሦስቱን በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት፣ አሁንም ከመሃል ወደ ዳር፣ በየመዳፍ ስፋቱ ያያይዙ። የመርፌ ቁልፍ ካለዎት በእሱም ይሆናል።

አሁን ደርዙ። መጀመሪያ አረንጓዴውና ቢጫው የሚዋሰኑበትን መስመር፣ ቀጥሎ ቢጫውና ቀዩ የሚዋሰኑበትን ይደርዙ። ከዚያ በቁም፣ ለመሃል ከሚቀርቡት ሁለት ስፌቶች ጀምረው ወደ ሁለቱም ዳር። መርፌው ከስፌቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይሂድ። በመኪና ከሆነ ስፌቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያርዝሙ። በእጅ ከሆነ ነጭ የጥልፍ ክር ይጠቀሙ፤ ቋጠሮውን በመልኩ በኩል አስገብተው ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ጠብ ብሎ ውስጥ ይገባል፣ ከላይም ከታችም አይታይም። መሃሉ ባዘቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ መካከል ሌላ መስመር ይጨምሩ።

ጠርዝና መስቀያ

ትርፉን ገበርና መሃል ከመልኩ ጋር እኩል አድርገው ይከርክሙ። ለጠርዙ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቅዳጆች እየቀጣጠሉ 3 ሜትር ከ20 ያህል ያድርሱ። ከተረፉት ቁርጥራጮች መቀጠል ይቻላል፤ እኔ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እያፈራረቅሁ እቀጥላለሁ። ቅዳጁን በቁመቱ እጥፍ አድርገው ይተኩሱና ክፍቱን ጎን ከድሪቶው ጠርዝ ጋር አስተካክለው በመልኩ በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ገብተው ይስፉ። ጥግ ላይ ሲደርሱ 1 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ያቁሙ፣ ቅዳጁን ወደ ላይ ቀና አድርገው መልሰው ወደ ታች ያጥፉት፣ ከዚያ አዲሱን ጎን ከጫፉ ይጀምሩ። እጥፋቱ ጥጉን ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ዙሪያው ሲያልቅ ቅዳጁን ወደ ጀርባ ገልብጠው በእጅ፣ በደቃቅ ስፌት፣ ገበሩ ላይ ያሲዙት።

ለመስቀያው 84 በ16 የሆነ አቡጀዴ ሁለቱን ጫፍ ቀምቅመው እንደ ቱቦ ይስፉና ከጀርባው የላይኛው ጠርዝ ሥር በእጅ ያያይዙት። ቀጥ ያለ በትር ወይም የመጋረጃ ዘንግ ይገባበታል። በምስማር ብቻ ከጥጉ ከሰቀሉት ግን መሃሉ ይረግባል።

ከጀርባው በአንዱ ጥግ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ይስፉና ቀኑን፣ ዓመተ ምህረቱንና ጨርቆቹ ከማን ልብስ እንደመጡ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። "አረንጓዴው የልጄ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም፣ ቢጫው የእህቴ ሻሽ" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ይህን እንዳይዘልሉት አደራ እላለሁ፤ ጨርቁን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ግድግዳ ይምረጡለት። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጨምቁ አጥበው ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ለዓድዋ በዓል እንዲደርስ ካሰቡ በጥር አጋማሽ ይጀምሩ፤ ለአርበኞች ቀን ከሆነ መጋቢት ሲገባ። የሰፈርዎ ልብስ ሰፊ ጋ ደግሞ መጥረጊያው ከመነሳቱ በፊት፣ ዛሬ ማታ ጎራ ይበሉ።